አውቶግራፍ በስንት ነው?

እኔ የማውቀው አውቶግራፍ ደብተር ነው። ሽፋኑ በስጦታ ወረቀት ይለበጣል፤ በየገጹ ጥግ ከመጽሔት የተቆረጠ ጽጌረዳ ይለጠፋል፤ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከዴስክ ዴስክ ይዞራል። ጥያቄዎቹ የታወቁ ናቸው፦ ሙሉ ስም፣ የምትወደው ምግብ፣ የምትወደው ቀለም፣ የማትረሳው ቀን፣ ለእኔ ያለህ አስተያየት። ከሽሮ ጋር እንጂ ከሌላ ወጥ ጋር እምብዛም የማንተዋወቅ ልጆች «የምትወደው ምግብ» ላይ ስንደርስ ሁላችንም ላዛኛ እንወድ ነበር። ከክፍላችን ላዛኛ በዐይኑ ያየ አልነበረም። አስተያየቱ ላይ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ስንደባደብ የከረምነው ልጅ ሳይቀር «ጥሩ ልጅ ነህ፣ በዚሁ ቀጥል» ብሎ ይፈርማል። ያውም በነፃ።

ስለዚህ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ደውላ «አጎቴ፣ ቅዳሜ አውቶግራፍ ማስፈረም ስለምፈልግ ትወስደኛለህ?» ስትለኝ ልጅቷ ትምህርቷን ልትጨርስ ነው ብዬ አንጀቴ ተላወሰ።

«ገና አሥራ አንደኛ አይደለሽም እንዴ?»

«የትምህርት ቤት አይደለም፤ ኮንቬንሽን ነው።»

«የዴሞክራቶቹ ነው የሪፐብሊካኖቹ?»

ዝም አለችኝ። በኋላ በትዕግሥት አስረዳችኝ። የፊልምና የተከታታይ ድራማ ተዋንያን ይመጣሉ፤ የኮሚክ ሠዓሊዎች ይመጣሉ፤ ሕዝቡ የሚወደውን ገጸ ባሕርይ መስሎ ለብሶ ይመጣል፤ ይፈረማል፤ ፎቶ ይነሳል። ስንት እንደሆነ ጠየቅኳት። «የቱ?» አለችኝ፤ «መግቢያው፣ ፊርማው፣ ፎቶው ወይስ ሰልፊው?» አራት ዋጋ ያለው ነገር ስሰማ ኪሴን መዳበስ ልማዴ ነው፤ ዳበስኩ።

ነገሩ ትናንት የተጀመረ አይደለም። የሳንዲያጎው ኮሚክ ኮን እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ ሆቴል ውስጥ በጥቂት መቶ ሰው ነው የተጀመረው፤ ዛሬ ከ130,000 በላይ ሰው ይጎርፍበታል። የቴሌቪዥን ድራማው የስታር ትሬክ አድናቂዎች እ.ኤ.አ. በጥር 1972 ኒው ዮርክ ላይ ሲሰባሰቡ አዘጋጆቹ የገመቱት ጥቂት መቶ ሰው ነበር፤ የመጣው ከ3,000 በላይ ነው። ድግስ ጠርቶ እንጀራ ያነሰበት ሰው የእነዚያን አዘጋጆች ላብ ያውቀዋል።

ቅዳሜ የሄድንበት የዋሽንግተኑ አዳራሽ የሚገኘው የእኛ ሰው ቅዳሜና እሑድ ክትፎውን ከሚበላበት ከናይንዝ ስትሪት ብዙም ሳይርቅ ነው። መኪና ማቆሚያው ላይ የተቀበለን ሀበሻ ነው፤ በዚህ ከተማ መኪና ማቆሚያ ላይ ሌላ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ትኬቱን እየቆረጠልኝ «ወንድሜ፣» አለ፣ «ከጠዋት ጀምሮ አሥራ አንድ ስፓይደር ማን አስገብቻለሁ። አንዱም በግድግዳ አልመጣም፤ ሁሉም በመኪና ነው።»

ውስጥ ስንገባ ጥምቀትና ካርኒቫል በአንድ ቀን የዋሉ ይመስላል። ክንፍ ያላት ሴት፣ ከካርቶን የተሠራ ብረት የለበሰ ወፍራም ሰው፣ ጥቁር ካባውን ኤስካሌተሩ ሊውጥበት ሲል በሁለት እጁ የሚጎትት ዳርት ቬደር። እጄ ሳላዘው ስልኬን አወጣ። ባለ ክንፏን ላነሳ ስል የእህቴ ልጅ ክንዴን ያዘች።

«አጎቴ! መጀመሪያ ይጠየቃል።»

«ለመታየት አይደለም እንዴ የለበሰችው?»

በዐይኗ ወደ ግድግዳው ጠቆመችኝ። ከእኔ የሚበልጥ ማስታወቂያ ተለጥፏል። መልእክቱ ባጭሩ፣ ሰው ለየት ያለ ልብስ ለበሰ ማለት እንዳሻችሁ አድርጉኝ አለ ማለት አይደለም የሚል ነው። የኒው ዮርኩ ኮሚክ ኮን እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ እ.ኤ.አ. በ2014 በየበሩ ካቆመ ወዲህ ነገሩ በየከተማው ተለምዷል። ሳይጠይቁ ፎቶ ማንሳት የለም። ሲፈቀድም ትከሻ መያዝ፣ ክንፍ መነካካት የለም። መተላለፊያ ላይ ቆሞ ማንሳት የለም። የምትበላ ልዕልት በሰላም ትብላ። ሕፃን ያለ ወላጁ ፈቃድ አይነሳም።

መጀመሪያ ላይ ሳቄ መጣ፤ በኋላ ግን አያቴ ትዝ አለችኝ። ጎንደር ጥምቀት ላይ፣ ዐይኗን ጨፍና ስትጸልይ አንድ ቱሪስት የካሜራውን ቱቦ አፍንጫዋ ሥር ደቅኖ ሲያነሳት አይቻለሁ። ማንም «መጀመሪያ ይጠየቃል» አላለውም፤ እንዲያውም እኛ ልጆቹ ከጎኗ ቆመን ልንነሳ እንጋፋ ነበር። ያቺ ፎቶ እስካሁን በማን ቤት ግድግዳ ላይ እንዳለች እግዜር ይወቅ። ለአያቴ እንኳን ክፍያ፣ አንድ ቅጂም አልደረሳት።

ባለ ክንፏን በትሕትና ጠየቅኳት። ደስ ብሏት ክንፏን ዘረጋች፤ ዝርጋታው የሦስት ሰው ቆብ አስጣለ። ለእሷ ክፍያ የለም። አድናቂ ለአድናቂ በነፃ ነው፤ ዋጋ የሚጀምረው ቴሌቪዥን ውስጥ የታየ ሰው ጋ ነው። የእህቴ ልጅ ለከርሞ «ጀምበር»ን መስላ ልትመጣ አስባለች። ጀምበር በኮሚክ መልክ እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛም በእንግሊዝኛም የወጣ የራሳችን ጀግና ነው። ልብሱን ማን ይሰፋዋል ብትለኝ እናትሽ አልኳት፤ እህቴ ይህን እስካሁን አልሰማችም።

ከዚያ ወደ ዋናው ገበያ ገባን። መርካቶ ቢሆን ኖሮ ስሙ ፊርማ ተራ ይባል ነበር። ረጅም ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ ተዋናይ፣ ከተዋናዩ ጎን ገንዘብ ተቀባይ፣ ከፊት ለፊት በገመድ የታጠረ ወረፋ። በየጠረጴዛው ላይ ዋጋው በትልልቅ ቁጥር ተጽፏል። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ያሉት አርባ ዶላር ናቸው፤ ወደ መሐል ሲገባ ሰማንያ፣ መቶ ሃያ ይላል፤ ሁለት ጠባቂ የቆመለት ጋ ሲደረስ ከሁለት መቶ በላይ ነው። ያ የፊርማው ብቻ ነው። በራስህ ስልክ ጠረጴዛው ጋ ሰልፊ ሌላ ነው። ሁለቱ በአንድ ላይ ከሆኑ ትንሽ ቅናሽ አለ፤ ልክ እንደ ማኅበራዊና እንደ ጾም በያይነቱ። ዳር ቆመህ በርቀት ልታነሳው ስትሞክር ደግሞ ገንዘብ ተቀባይዋ እጇን ሌንሱ ላይ ትዘረጋለች።

«የመጨረሻው ስንት ነው?» ብዬ ብጠይቅ የእህቴ ልጅ ከእኔ ጋር እንዳልመጣች ሆና ወደ አንድ ባትማን ጠጋ አለች።

የንግዱ አሠራር ግን ያስደንቃል። አዘጋጁ ለተዋናዩ በቅድሚያ የተቆረጠ ገንዘብ ዋስትና ይገባለታል። ፊርማው ከዚያ በላይ ካመጣ ትርፉ የተዋናዩ ነው፤ ከዚያ በታች ካመጣ ጉድለቱን አዘጋጁ ይሞላል። ስለዚህ ወረፋው ሲሳሳ የሚያልበው ተዋናዩ ሳይሆን አዘጋጁ ነው። ገንዘቡም አብዛኛውን ጊዜ ጥሬ ነው፤ ኤቲኤሙ ጋ ያለው ወረፋ ከአንዳንዶቹ ተዋንያን ወረፋ ይረዝማል። የሆሊውዱ መጽሔት «ሆሊውድ ሪፖርተር» እ.ኤ.አ. በ2016 እንደዘገበው፣ ባለ ሃያ ዶላር ኖቶችን በቆሻሻ ማጠራቀሚያ ላስቲክ ሞልተው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ዝነኞች አሉ። በእኛ አገር ገንዘብ በፌስታል የሚሸከም የእድር ገንዘብ ሰብሳቢ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ወጣት አባት ከፊቴ ቆሞ ነገሩን ይረግማል። ብልግና ነው ይላል፤ ሰው እንዴት በስሙ ይነግዳል ይላል፤ ይህን ሁሉ የሚለው ወረፋውን ሳይለቅ ነው። እኔም ልስማማው ስል ሙርሲዎች ትዝ አሉኝ። ደቡብ ኦሞ የሄደ ቱሪስት ሁሉ የሚያወራው ነው። ሙርሲዎች ፊታቸውን ለሚያነሳ ሰው በየፎቶው ያስከፍላሉ፤ ካሜራው ሦስት ጊዜ ቀጭ ካለ ሦስቴ ይቆጥራሉ። ቱሪስቱ ጥቂት ብር ከፍሎ አገሩ ሲመለስ «ገንዘብ አበላሻቸው» እያለ ያዝናል፤ እኛም የከተማ ልጆች ከእሱ ተቀብለን እናዝናለን። እዚህ ደግሞ በአንድ ድራማ ሦስት ክፍል ላይ ታይቶ አራተኛው ላይ ዞምቢ የበላው ሰው ፊቱን በስልሳ ዶላር ሲያስነሳ ገንዘብ አበላሸው የሚል የለም። እዚህ ስሙ ኢንዱስትሪ ነው። ሙርሲዎቹ የጎደላቸው የገመድ አጥርና ገንዘብ ተቀባይ ብቻ ነው።

ደግሞስ ለፊርማ መሰለፍን እኛን ማን ያስተምረናል! ለአንዲት የቤት ካርታ ፊርማ ስንት ጠዋት ደጅ ጠንተናል፤ ፈራሚው ስብሰባ ነው፣ ፈራሚው ለቅሶ ነው፣ ፈራሚው ነገ ነው። ዋጋው ግን በር ላይ አይለጠፍም፤ በእጅ አዙር ነው የሚነገረው። ከዚያ አንጻር የፊርማውን ዋጋ ፊት ለፊቱ አቁሞ፣ ቅዳሜና እሑድ ስብሰባ ነኝ ብሎ ሳይጠፋ፣ ፈገግ ብሎ የሚፈርም ሰው ለእኔ ቅዱስ ነው።

ማህተሙም አልቀረም። ከፊርማ ተራው ማዶ ሌላ ጠረጴዛ አለ። እዚያ፣ አሁን በዐይንህ እያየህ የተፈረመልህን ፊርማ ትክክለኛ ነው ብለው የሚያብረቀርቅ ቁጥር ያለው ተለጣፊ ይለጥፉበታል፤ የራሱ ክፍያ አለው። «አሁን ሲፈርም አይቻለሁኮ!» ብዬ ነበር። ለካ ምክንያት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኤፍቢአይ የሐሰት ፊርማ ነጋዴዎችን ሲያሳድድ ካገኛቸው ነገሮች መካከል ማዘር ትሬዛ የፈረሙበት የተባለ የቤዝቦል ኳስ ነበረበት። ካልካታ ላይ በሽተኛ ሲያነሱና ሲጥሉ የኖሩ መነኩሲት መቼ ኳስ ሲፈርሙ እንደዋሉ የጠየቀ ገዢ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሉክ ስካይዎከርን የተጫወተው ተዋናይ ማርክ ሃሚል፣ አድናቂዎች የገዙትን ፊርማ ፎቶ አንስተው በትዊተር ሲልኩለት ይሄ የእኔ ነው፣ ይሄ የእኔ አይደለም እያለ ሲፈርድ ቆይቷል። ተለጣፊ የማይፈልግ ማህተም ማለት ይሄ ነው።

የድሮዎቹን ተዋንያን ነገር ሳውቅ ደግሞ ዋጋው ትንሽ ቀለለኝ። የመጀመሪያው ስታር ትሬክ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 በቴሌቪዥን ታይቶ ተቋረጠ። ከዚያ በየጣቢያው ለአሥርተ ዓመታት ሲደጋገም በጊዜው ውል መሠረት ለተዋንያኑ የድግግሞሹ ክፍያ ቶሎ አለቀ። ዓለም በየማታው እያያቸው ኪሳቸው ባዶ ነበር። የፊርማው ጠረጴዛ ጡረታቸው ሆነ። ኡሁራን የተጫወተችው ኒሼል ኒኮልስ ድራማውን ልትተው ስትል ማርቲን ሉተር ኪንግ ራሳቸው እንዳትለቅ ለመኗት፤ ቀረች። ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ድረስ በየኮንቬንሽኑ አድናቂዎቿን ስትቀበል ኖራ እ.ኤ.አ. በ2022 አረፈች። ለእሷ ፊርማ የተጠየቀው ማንኛውም ዋጋ አልበዛም ባይ ነኝ።

የእህቴ ልጅ ግን የመረጠችው ፊርማ ሳይሆን በባለሙያ የሚነሳውን ፎቶ ነው። ዘጠና ዶላር፤ የበጋ ሥራዋ ገንዘብ ነው። የምትወደው ተዋናይ ስም ይቅር፤ እናቱ ቢያነቡት ይከፋቸዋል። በጥቁር መጋረጃ የተከለለ ክፍል በር ላይ ሕጉ ተለጥፏል፦ ቦርሳ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ ስልክ ኪስ ውስጥ፣ ካልፈቀደ አይታቀፍም፣ ስጦታ አይሰጥም፣ ፊርማ አይጠየቅም፣ ወሬ አይራዘምም። ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት የተደረገበት ቦታ ላይ ቆመህ ካሜራውን አይተህ ትወጣለህ። በመጋረጃው ክፍተት ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ። ከገባች እስከ ወጣች ዘጠኝ ሴኮንድ፤ አንዱ ሴኮንድ አሥር ዶላር።

እኔ ልጅ ሆኜ ፎቶ ቤት ስንሄድ ግማሽ ቀን እንፈጅ ነበር። በክር የታሰረ ማበጠሪያ መስታወቱ ጎን ይንጠለጠላል፤ ሰፈሩን ሁሉ በየተራ ያለበሰ አንድ ኮት አለ፤ ክራቫቱ በላስቲክ ነው። ከጀርባ ፏፏቴ ተሥሏል፣ ከጎን የፕላስቲክ አበባ ቆሟል። ፎቶ አንሺው አገጭህን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ቀኝ ያዞራል፣ ወደ ግራ ያዞራል፣ ጆሮ ይታይ ይላል፣ አትሳቅ ይላል፣ ትንፋሽህን ያዝ ይላል፤ ከዚያ ጨርቁ ውስጥ ገብቶ የረሳህ እስኪመስልህ ይቆያል። መነካት የከለከለ ሕግ አልነበረም። ፎቶው ሳምንት ቆይቶ ሲደርስ ሁላችንም የሞተብን ሰው ያለ እንመስላለን።

የዚህኛው በአምስት ደቂቃ ታትሞ ወጣ። የእህቴ ልጅ ዐይኗን ጨፍናለች። ተመልሰሽ ተነሺ ብላት ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ «ምንም አይደል፣ እሱ አምሮበታል» አለች።

ልንወጣ ስንል ነው መዘዙ የመጣው። የፊርማ ተራው መጨረሻ ላይ፣ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ያለው ገመድ የሚከልለው ሰው የለም። ጠረጴዛው ላይ ፎቶዎቻቸውን እንደ ካርታ ዘርግተዋል፤ ሪዝ ያለው ወጣት ከብር ቀለም መንኮራኩር ጎን ቆሟል። ማርከሮቻቸውን በቁመት ደርድረው ጨርሰው በቀለም መደርደር ጀምረዋል። ቀና ሲሉ ዐይን ለዐይን ተጋጨን።

ሀበሻ ሆኖ ተወልዶ ይህን አይቶ ማለፍ አይቻልም። ይሉኝታ ገመድ የማያስፈልገው ወረፋ ነው፤ ራሴን ጠረጴዛው ፊት አገኘሁት። ሃምሳ ዶላር። ከጀርባቸው ስማቸው በትልቁ ተጽፏል፤ ቀና ብዬ ባነብ አለማወቄ ይጋለጣል ብዬ አላነበብኩም። ሁለት እጄን አጣምሬ ዝቅ ብዬ ሰላምታ ሰጠሁና «ሥራዎችዎን በጣም ነው የማደንቀው» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «የትኛውን ይበልጥ ወደድከው?»

ላቤ መጣ። «ሁሉንም!» አልኩ።

«አንድ ብቻ ነው የሠራሁት» አሉኝ።

የእህቴ ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ ጠፋች። እሳቸው ግን ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ፤ እኔም ከማልቀስ ብዬ ሳቅሁ። ገንዘብ ተቀባያቸው ስሜን ጠየቀችኝ። ዝነኛው ፊደል እንዳይሳሳት በቢጫ ወረቀት ጽፋ ነው የምታቀብለው። ስሜ በ«ፀ» ይጀምራል፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ይህን ድምፅ በአንድ ፊደል አይችለውም፣ «ቲ» እና «ኤስ» ተደጋግፈው ነው የሚገቡት። ወረቀቱን አራት ጊዜ ጻፈችው። ሽማግሌው በብርማ ማርከራቸው ሁለቱን ፊደል ጻፉና እጃቸው ቆመ፤ ቀሪውን አዩት፤ ነጥብ አደረጉ። «ለቲ.ኤስ.» ይላል።

ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ማርከሩን አስቀመጡት። ሮም ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1960፣ በባዶ እግሩ ማራቶን የሮጠውን ሰው ያስታውሱታል። አበበ ቢቂላን አግኝቼው እንደማውቅ ጠየቁኝ፤ ሲሞት እኔ አልተወለድኩም አልኳቸው። አዘኑልኝ። አራት ዓመት ቆይቶ ቶኪዮ ላይም በጫማ ማሸነፉን ነገርኳቸው፤ ጫማውን አልሰሙም ነበር። ጫማው ገርሟቸው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አወራን፤ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ስላልነበረ ማንም አላቋረጠንም። ሰልፊውንም ሳልጠይቅ እሳቸው አነሱኝ። መንገድ ላይ ለእህቴ ልጅ ሒሳቡን ሠራሁላት፤ የእሷ ሴኮንድ በአሥር ዶላር ነው፣ የእኔ በአራት ሳንቲም። መልስ አልሰጠችኝም፤ ፎቶዋን እያየች ነበር።

የእኔው በፍሬም ገብቶ ሳሎን ውስጥ፣ ከሠርጋችን ፎቶና ከአማቴ ፎቶ መሐል ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይሄ ፈረንጅ ማነው?» ይላል። ባለቤቴ «የእሱ ጓደኛ ነው» ብላ ቡናዋን ትቀዳለች። ስማቸውን ከፊርማው ላይ ለማንበብ በመነጽርም፣ በስልክ አጉልቼም ሞክሬያለሁ። አይነበብም።